ስቲኩን ስትለቁት አፍንጫው ለምን ይወርዳል? ሰው ራሱ በገጣጠመው አውሮፕላን ላይ የፒች ትሪም ችግር እንዴት ይፈለጋል

ራሱ የገጣጠመውን ትንሽ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረ ሰው ካረፈ በኋላ ከሚያነሳቸው ቅሬታዎች አንዱ "ትሪሙ አልሠራ አለ" ነው፣ ወይ ደግሞ "ትሪሙን ጥጉ ድረስ ወስጄውም አፍንጫው ይወርድብኛል"። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላሉ ግን አይደሉም። የመጀመሪያው ትሪሙ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው፣ ሁለተኛው ግን ትሪሙ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ሠርቶ አውሮፕላኑ ከዛም በላይ እየጠየቀው ነው። ይሄን ሳይለይ ወዲያው ጅራቱ ጋ ሄዶ ታብ (ለትሪም የምታገለግለውን ትንሽ ተንቀሳቃሽ ቅጠል) ማጠፍ፣ ታብ ማስረዘም፣ ሰርቮ (እሷን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) መቀየር የሚጀምር ሰው በጣም ብዙ ነው፣ ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዛ አይገኝም።

ፒች ትሪም ሲባል ምን ማለት ነው?

ፒች ማለት የአፍንጫው ወደላይ ወይ ወደታች መሄድ ነው። ይሄን የሚቆጣጠረው ኤለቬተር ነው፣ ጅራቱ ላይ ካለው አግድም ክንፍ ማለትም ከስታቢላይዘሩ ኋላ በማጠፊያ የተያያዘው ተንቀሳቃሽ ክፍል። ስቲኩን (አብራሪው የሚይዘውን መሪ ዘንግ) ወደራሳችሁ ስትስቡ ኤለቬተሩ ወደላይ ይነሳል፣ ጅራቱ ወደታች ይገፋል፣ አፍንጫው ይነሳል። ችግሩ አየሩ ኤለቬተሩን ወደራሱ ቦታ ሊመልሰው ሲገፋ ያ ግፊት እጃችሁ ላይ መምጣቱ ነው። አንድ በር እንዳይዘጋ በእጅ ይዞ መቆም ይቻላል፣ ግን ድንጋይ ብታስደግፉለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል፣ ትሪም ያ ድንጋይ ነው። አውሮፕላኑ ላይ አዲስ ችሎታ አይጨምርም፣ እናንተ በእጃችሁ ይዛችሁት የነበረውን ጉልበት ተቀብሎ ይይዝላችኋል፣ በቃ።

አሠራሩ ግን የተለያየ ነው። በብዛት የምታዩት ኤለቬተሩ ጫፍ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ታብ ናት። አንዳንዶቹ ታብ የላቸውም፣ በስፕሪንግ ስቲኩን ወይ የኤለቬተሩን ዘንግ ወደ አንድ በኩል ይስባሉ። እንደ ፓይፐር ካብ ያሉት ደግሞ ስታቢላይዘሩን ራሱን በጥርስ ብሎን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። መጀመሪያ የናንተ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ ምክንያቱም ብልሽቱም እንደዛው ይለያያል፤ እዚህ ብዙውን የማወራው ስለ ታብ ነው።

ትሪም የሚይዘው ከፍታ ነው ወይስ ፍጥነት?

ፍጥነት ነው፣ ትክክለኛው አባባል ክንፉ አየሩን የሚመታበት አንግል ነው ግን ለኛ ጉዳይ ፍጥነት ካልን ይበቃል። በ90 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ላይ በደንብ ትሪም የተደረገ አውሮፕላን የሞተር ጉልበት ብትጨምሩለት እዛው 90 አካባቢ ሆኖ መውጣት ይጀምራል፣ ብትቀንሱለት እዛው 90 አካባቢ ሆኖ ይወርዳል። እና "ትሪሙ ከፍታ አልጠብቅ አለኝ" የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሞተሩን ጉልበት ነክተህ ነበር ወይ የሚለው ነው።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር ታቧ ላይ ያለው የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ100 ወደ 140 ኖት ስትሄዱ ፍጥነቱ በ40 በመቶ ጨመረ፣ ግፊቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዝግታ ስትበሩ ደህና የነበረ ትሪም በፍጥነት ሲሆን ትንሽ ነካ ስታደርጉት አፍንጫውን የሚያዘልለው ለዚህ ነው፣ ይሄ ብልሽት አይደለም። ትሪሙ ኤሌክትሪክ ከሆነ የትሪሙን ሞተር ፍጥነት የሚቀንስ መቆጣጠሪያ መግጠም ይቻላል።

ታቧ ለምን በተቃራኒው ትሄዳለች?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አፍንጫው እንዲነሳ ታቧ ወደ ታች ነው የምትሄደው። ታቧ ወደታች ስትታጠፍ አየሩ እሷን ወደላይ ይገፋታል፣ እሷ ኤለቬተሩን ይዛው ወደላይ ትሄዳለች፣ ኤለቬተሩ ሲነሳ አፍንጫው ይነሳል። ስለዚህ "ኖዝ አፕ" የሚለውን ስትጫኑ ሰው ጅራቱ ጋ ቁሞ ታቧ ወደታች ስትወርድ ማየት አለበት። ሽቦ ተገልብጦ ታስሮ በተቃራኒ የሚሄድ ትሪም ይዞ መነሳት በጣም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም አፍንጫው ከበዳችሁ ብላችሁ ትሪም ስትጨምሩ ይባስ ይከብዳል፣ እናንተም አልበቃም ብላችሁ ትጨምሩበታላችሁ። እና ፍተሻው የትሪሙን ጠቋሚ አይቶ ሳይሆን ታቧን አይቶ ነው የሚደረገው፣ ጠቋሚው ለብቻው ተገልብጦ ሊታሰር ይችላላ።

ታዲያ ከየት ይጀመራል?

ከወረቀትና ከእስክርቢቶ። አውሮፕላኑን ሳትፈቱ፣ በተረጋጋ አየር፣ በቂ ከፍታ ላይ ወጥታችሁ፣ በተለያየ ፍጥነት ቀጥ ብላችሁ እየበረራችሁ ትሪሙ የት ላይ እንደቆመ መዝግቡ። ከጎኑ የሞተሩን ጉልበት፣ ፍላፑ (ለማረፍ ሲባል የሚወርደው የክንፉ የኋላ ክፍል) ወርዶ እንደሆነ፣ ነዳጁን፣ ማን የት እንደተቀመጠ ጻፉ። አሰልቺ ነው አውቃለሁ ግን ግምት ውስጥ ከመግባት ያድናል።

ከዛ መዝገቡን ስታዩት ትሪሙ በሁሉም ሁኔታ ወደ አንድ በኩል ተጠግቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ አፍንጫ የማንሳት ጥግ ላይ ከሆነ፣ ታቧ ሥራዋን እየሠራች ነው፣ ጥያቄው ክብደቱ ወይ የጅራቱ አንግል ላይ ነው። አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴ የማይሠራ ከሆነ ሽቦ፣ ኬብል፣ ስዊች ምናምን ነው። ያስቀመጣችሁት ቦታ የማይቆይ ከሆነ ደግሞ ወይ ኬብሉ እየሸሸ ነው ወይ የስርዓቱ ፍትጊያ በዝቷል ወይ ክብደቱ ወደኋላ ሄዷል።

ክብደቱ ምን አገባው?

ዋናው እሱ ነው እኮ! አውሮፕላኑ የሚመዛዘንበት ነጥብ፣ የስበት ማዕከል የሚባለው፣ ወደፊት በሄደ ቁጥር አፍንጫው ይከብዳል፣ ጅራቱ ወደታች የበለጠ መግፋት አለበት፣ ትሪሙም እንደዛው። ሰው ደግሞ ሲገጣጥም ፕላኑ ላይ ካለው የከበደ ሞተር ያስገባል፣ ከእንጨት ይልቅ የብረት ፕሮፔለር ያደርጋል፣ ባትሪ ቦታ ይቀይራል፣ እና የኪቱን (ተገዝቶ የሚገጣጠመውን ጥቅል) ቁጥር እንዳለ ይጠቀማል።

ቁጥሩ ቀላል ነው። 600 ኪሎ በሚመዝን አውሮፕላን ላይ 10 ኪሎ ባትሪ 2 ሜትር ወደኋላ ብታሸሹት 10 ሲባዛ በ2 ሲካፈል ለ600፣ የስበት ማዕከሉ 3.3 ሳንቲሜትር ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች የተፈቀደው ክልል ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ ሃያ ሳንቲሜትር ምናምን ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንድ ባትሪ ብዙ ተበላ።

ስለዚህ ትሪም ከመንካት በፊት አውሮፕላኑ ተስተካክሎ ቆሞ ሦስቱም ጎማ ላይ ሚዛን ገብቶ ይመዘን፣ ርቀቶቹ ደግሞ ከፕላኑ ላይ ተገልብጠው ሳይሆን በሜትር ይለኩ። ቀለም ከተቀባ በኋላም እንደገና፣ ቀለም ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል፣ ጅራት ላይ ያለው ደግሞ ከማዕከሉ ሩቅ ስለሆነ ብዙ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ሙሉ ፍላፕ አውርዳችሁ፣ ለማረፍ ዝግ ስትሉ ብቻ ትሪሙ ጥግ ላይ ከደረሰና ትንሽ መሳብ ካስፈለጋችሁ ይሄ በብዙ ዲዛይን ላይ የሚታይ ነው። ስቲኩ በቂ ተጨማሪ ጉዞ እስካለው ድረስ እኔ በበኩሌ አልነካውም።

ክብደቱ ልክ ሆኖ ትሪሙ ጥግ ላይ ከሆነስ?

እዚህ ጋ ወደ ስታቢላይዘሩ አንግል እንመጣለን፣ ማለትም ስታቢላይዘሩ ከፊውዝላጁ (ከአውሮፕላኑ ዋና አካል) ጋር የተገጠመበት አንግል። ሲገጣጠም በጣም ትንሽ ስህተት ይበቃል። የፊትና የኋላ ማሰሪያው መሀል 500 ሚሊሜትር ቢሆንና በአንዱ በኩል 3 ሚሊሜትር ቢበልጥ ወደ አንድ ሦስተኛ ዲግሪ ይሆናል፣ በበረራ ላይ ደግሞ ይሰማል።

እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ በመደበኛ ጭነትና በመደበኛ የጉዞ ፍጥነት ላይ ትሪም አድርጋችሁ ወደኋላ ዞራችሁ ኤለቬተሩን ማየት ነው፣ ወይ ሰው ይይላችሁ፣ ወይ ትንሽ ካሜራ ግጠሙ። ኤለቬተሩ ከስታቢላይዘሩ ጋር ወደ ቀጥታ መስመር መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ወደፊት የወጣ የሚዛን ቀንድ ካለው ደግሞ በጣም ይቀላል፣ ቀንዱ ከስታቢላይዘሩ በላይ ወጥቶ ከታየ የኤለቬተሩ የኋላ ጠርዝ ወርዷል ማለት ነው፣ ከታች ከወጣ ደግሞ ተነስቷል።

የኋላ ጠርዙ ወርዶ የሚሄድ ከሆነ ስታቢላይዘሩ ወደታች ከመጠን በላይ እየገፋ ኤለቬተሩ ደግሞ እሱን እያካካሰ ነው፣ ሁለቱ እርስ በርስ እየተጣሉ እናንተ ነዳጅ ትከፍላላችሁ። መፍትሄው የስታቢላይዘሩን የፊት ጠርዝ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ማለትም ከፊት ማሰሪያው ስር ቀጭን ስፔሰር ማስገባት ነው። ኤለቬተሩ ተነስቶ የሚሄድ ከሆነ ተቃራኒው። ስፔሰር ስታስገቡ ግን የብሎኑ ርዝመት መበቃቱን፣ ዳዶው ሙሉ ጥርስ መያዙን፣ ኤለቬተሩ አሁንም ሙሉ ጉዞውን መሄዱን አረጋግጡ፣ የኪቱ አምራች ስንት ድረስ እንደፈቀደም ጠይቁ። ታቧን ማስፋትና ማስረዘም ቀላል መንገድ ስለሚመስል ሰው እሱን ይመርጣል፣ እኔ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው የምለው፣ ምክንያቱን ወደታች ታዩታላችሁ።

የሞተሩ መስመርም አለ። ፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ የተገጠመባቸው፣ በተለይ ከኋላ የሚገፉት፣ ጉልበት ሲጨመር አፍንጫቸው ይወርዳል። ለአንድ ጉልበት ያስተካከላችሁት ትሪም ለሌላው አይሆንም፣ ይሄ የዲዛይኑ ባህርይ ነው፣ ትሪም ላይ ብትሠሩ ብትሠሩ አይጠፋም።

ትሪሙ ኤሌክትሪክ ከሆነ ምን ይታያል?

መጀመሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እወቁ፣ ታቧን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር አንድ ነው፣ የት እንደደረሰች የሚናገረው ጠቋሚ ሌላ ነው። በብዙ ኪቶች ላይ የሚገቡት የሬይ አለን ሰርቮዎች ለምሳሌ አምስት ሽቦ አላቸው፣ ሁለቱ ነጮች ለሞተሩ፣ ብርቱካናማው፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው ለጠቋሚው። ጠቋሚው ሞቶ ታቧ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ወዲያው ሰርቮ አትግዙ፣ መጀመሪያ ሦስቱን ሽቦዎች ፈትሹ። ጠቋሚው እየሠራ ታቧ የማትንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ መልቲሜትር ይዛችሁ ሰርቮው ጋ ሂዱ።

ስዊቹን ተጭናችሁ ሰርቮው መግቢያ ላይ ከባትሪው ጋር የተቀራረበ ቮልት ካለና ካልተንቀሳቀሰ ሰርቮው ነው፣ ወይ ታቧ የሆነ ቦታ ተይዛለች፤ ዘንጉን ከታቧ ፈታችሁ ሰርቮውን ብቻውን ሞክሩት፣ ታቧንም በእጅ። ቮልት ከሌለ ወደኋላ እየመጣችሁ ማገናኛውን፣ ሪሌዩን (ስዊቹ የሚያዘውን ማብሪያና ማጥፊያ)፣ ስዊቹን፣ ፊውዙን ፈትሹ። በጣም የሚረሳው ቦታ ሽቦው ከስታቢላይዘሩ ወደ ኤለቬተሩ የሚሻገርበት ነው፣ ሰርቮው ኤለቬተሩ ውስጥ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ስቲኩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል፣ ከጊዜ በኋላ ፕላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። ስቲኩ ወደፊት ሲሆን የሚሠራ ወደኋላ ሲሆን የማይሠራ ትሪም ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። መሬት ላይ እየሠራ በበረራ ላይ የሚሰንፍ ከሆነ ግን ወይ የመሬት ሽቦው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው) ደካማ ነው፣ በሥራ ላይ ሆኖ ቮልቱ ይወርዳል፣ ወይ ታቧ ላይ ያለው የአየር ጭነት ሰርቮውን በልጦታል።

በእጅ በሚጎተት ኬብልስ?

እሱ ቀለል ይላል። ያስቀመጣችሁት ቦታ የማይቆይ ከሆነ የመያዣው ማጥበቂያ ላልቷል፣ በንዝረት ይሸሻል። ከባድ ከሆነ ኬብሉ የሆነ ቦታ ላይ በጠባቡ ታጥፏል፣ ወይ የድሮ ግራሶ በብርድ ደርቋል፣ ሽፋኑ ውስጥ ውሃ ከገባ ደግሞ ከፍታ ላይ በረዶ ይሆንና መሬት ስትወርዱ ምንም የለበትም፣ ይሄኛው ሰውን ያሳብዳል። መያዣውን ስታንቀሳቅሱ ታቧ ከመነሳቷ በፊት የሚጠፋ ጉዞ ካለ የኬብሉ ሽፋን ጫፍ ላይ በደንብ አልታሰረም፣ ኬብሉ ታቧን ከመግፋት ይልቅ ሽፋኑን እየገፋ ነው።

ፍትጊያ ነው ወይስ ክብደቱ ወደኋላ ሄዶ ነው?

ትሪም አድርጋችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩ ፍጥነቱ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሁለቱም እንደዚህ ያደርጋሉ፣ አንዱ ግን አሰልቺ ብቻ ነው ሌላው አደገኛ ነው፣ ስለዚህ መለየት የግድ ነው። በ100 ኖት ትሪም አድርጉ፣ ስቲኩን ስባችሁ 10 ኖት ቀንሱና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ የት ላይ እንደሚረጋ ጻፉ። ከዛ ገፍታችሁ 10 ኖት ጨምሩና ልቀቁት። አንዴ 94 ላይ አንዴ 106 ላይ የሚቆም ከሆነ በመሀል ያለው ክፍተት ፍትጊያ ነው፣ ኤለቬተሩ ወደ ቦታው ሊመለስ ፈልጎ የሚይዘው ነገር አለ፣ መሬት ላይ ኩሽኔታዎቹን፣ ማጠፊያዎቹን፣ ዘንጉ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ፈትሹ። በጣት ሲስቡት ምንም ጉልበት የማይጠይቅና ሲለቁትም ወደ መጀመሪያው መመለስ የማይሞክር፣ እንዲያውም እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ግን ክብደቱ ወደኋላ ሄዷል፣ ወርዳችሁ እንደገና እስክትመዝኑት ድረስ አትብረሩት።

በበረራ ላይ ትሪሙ ራሱ መሄድ ቢጀምርስ?

ስዊች ተጣብቆ ወይ ሪሌይ ውስጡ ተበይዶ ሰርቮው እስከ ጥጉ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ስቲኩን ያዙ፣ አፍንጫውን ቀጥ አድርጉ፣ የትሪሙን ኤሌክትሪክ ቁረጡ፣ ከዛ ፍጥነት ቀንሱ። ፍጥነቱ ግማሽ ሲሆን እጃችሁ ላይ ያለው ግፊት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፣ ስለዚህ አብዛኛው ትንሽ አውሮፕላን ዝግ ካለ በእጅ ይያዛል። ይሄ እንዲሆን ግን መቁረጫው እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ከዳሽቦርዱ ኋላ የተደበቀ ፊውዝ መቁረጫ አይባልም፣ አንድ እጃችሁ ስቲክ ላይ ታስሮ እኮ ነው የምትፈልጉት። ከመጀመሪያው በረራ በፊት ደግሞ ትሪሙን ሁለቱም ጥግ ላይ አድርጎ በዝግታ ፍጥነት ስቲኩን መያዝ ይቻል እንደሆነ የኪቱ መረጃ ምን እንደሚል ማንበብ ይጠቅማል።

ታቧ ትንሽ ብትወዛወዝ ምን ችግር አለው?

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቀልድ የማያውቀው ይሄ ነው። ማጠፊያዋ ወይ የዘንጉ ማገናኛ ላይ ልልነት ካለ ታቧ በፍጥነት ላይ መርገብገብ ትጀምራለች፣ ፍላተር ይሉታል፣ አየሩ ራሱ እየመገባት በየዙሩ እየባሰ ሄዶ በሴኮንዶች ውስጥ ታቧን ወይ ኤለቬተሩን ሊቆርጥ ይችላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ሬኖ፣ ኔቫዳ በተደረገው የአየር ውድድር ላይ በጣም የተቀየረ ፒ-51 ሙስታንግ ተከስክሶ አብራሪውን ጨምሮ 11 ሰው ሞቷል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ ያገኘው የትሪም ታቡ ማሰሪያ ዳዶዎች እንዳይፈቱ የሚያደርጋቸው የውስጥ ማጥበቂያቸው አልቆ እንደነበር፣ ብሎኖቹ እንደላሉ፣ ታቡ በፍላተር እንደተሰበረ ነው። አፍንጫው በድንገት ሲነሳ አብራሪው ላይ የመጣው ጫና ከ17 ጂ በላይ ነበር፣ ማለትም ከራሱ ክብደት ከ17 እጥፍ በላይ፣ ሰው በዛ ላይ ራሱን አያውቅም። በርግጥ ያ አውሮፕላን ከናንተ እጅግ ይፈጥናል፣ ዳዶው ግን ያው ዳዶ ነው፣ ራሱን የሚያጠብቅ ዳዶ ተፈቶ ሲመለስ በእጅ እስከ መጨረሻው የሚሽከረከር ከሆነ ጣሉት፣ አዲስ አስገቡ።

ልልነቱ የሚለካው እንዲህ ነው፣ ኤለቬተሩን አጥብቃችሁ ያዙና የታቧን የኋላ ጠርዝ በቀስታ ወደላይና ወደታች አድርጋችሁ ጠቅላላ የምትሄደውን ለኩ። የኪታችሁ ሰነድ ገደብ ካለው እሱ ነው የሚሠራው፣ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግን ከማጠፊያው እስከ ኋላ ጠርዝ ካለው ስፋት 2.5 በመቶ ነው፣ 100 ሚሊሜትር ስፋት ላላት ታብ 2.5 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከዛ ካለፈ የማጠፊያው ፒን ነው፣ ወይ የዘንጉ ጫፍ፣ ወይ ሰርቮው ራሱ ውስጡ ተበልቷል፤ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን በማንቀሳቀስ የቱ እንደሆነ ታገኙታላችሁ።

ታብ ማስረዘም የመጨረሻ አማራጭ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው። ከማጠፊያው ኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ግራም የኤለቬተሩን ሚዛን ያዛባል፣ ወፍራም ቀለምም ያው ነው። ታቧ ከተቀየረች ወይ ኤለቬተሩ እንደገና ከተቀባ ኤለቬተሩ ተፈቶ ሚዛኑ በአምራቹ ቁጥር መሠረት እንደገና ይለካል፣ ተመልሶ ሲገጠም ደግሞ የታቧ አቅጣጫ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይፈተሻል፣ ቢቻል በሠራው ሰው ሳይሆን በሌላ ሰው።